ስኳርዎን በዕድሜዎ ልክ

ስለ ስኳር በሽታ ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ልቤን የሚያሞቀው አንድ አለ። ውጤቱ አሜሪካ ውስጥ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ስኳራቸው ከፍ ከፍ ማለት የጀመረ፣ ግን በሽታ ወደሚባልበት ደረጃ ገና ያልደረሰ ከ3,200 የሚበልጡ ሰዎች ተሳተፉበት። ከመካከላቸው አንዱ ቡድን ክብደቱን በጥቂቱ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ ያህል እንዲንቀሳቀስ ታገዘ። በዚህ ቡድን ውስጥ በስኳር የመያዝ ዕድል በ58 በመቶ ቀነሰ። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ለብቻቸው ሲታዩ ደግሞ ቅናሹ 71 በመቶ ደረሰ። ከሁሉም የላቀ ውጤት ያመጡት አረጋውያኑ ናቸው!

ስለዚህ «ከእንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ምን ይለወጣል?» ለሚሉ እናቶችና አባቶች መልሴ አጭር ነው፦ ብዙ ነገር። እርግጥ ነው፣ እነዚያ ሰዎች በሽታው ገና አልያዛቸውም ነበር። ከስኳር ጋር ለዓመታት ለኖረ ሰውም ግን የሰውነት ሕግ ያው ነው፤ ጡንቻ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል፤ በ40 ዓመትም በ75 ዓመትም። ከምሳ በኋላ የተራመዷት ደቂቃ፣ ከትሪው ላይ የተዉአት ቁራሽ፣ በሰዓቷ የዋጧት ኪኒን አንዷም በከንቱ አትቀርም።

አስቀድሜ ግን አንድ ሸክም ላውርድልዎ። ለ40 ዓመት ጎልማሳ የሚቀመጠው የስኳር ግብ ለ75 ዓመት አዛውንት ላይሆን ይችላል። ልብስ በለባሹ ልክ እንደሚሰፋ ሁሉ ግቡም በባለቤቱ ልክ ነው የሚሰፋው። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ለሐኪሞች ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ሌላ ከባድ ሕመም የሌለባቸውና አእምሯቸውም ጉልበታቸውም ደህና የሆነ አረጋውያን በባዶ ሆድ ሲለኩ ከ80 እስከ 130 ቢሆኑ መልካም ነው። ብዙ ሕመም ለተደራረበባቸው ወይም ለዕለት ኑሯቸው የሰው እጅ ለሚሹ ከ90 እስከ 150 ይበቃል፤ በጣም ለደከሙት እስከ 180 ይፈቀዳል። የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ፣ ሐኪሞች ኤዋንሲ የሚሉት፣ ለብርቱዎቹ ከ7 ወይም ከ7.5 በመቶ በታች፣ ለሁለተኞቹ ከ8 በታች ቢሆን ጥሩ ነው። ስለዚህ ብዙ ሕመም ያለባቸው የ78 ዓመት እናት ጠዋት ለክተው 140 ቢያዩ ቀኑን በሐዘን መዋል የለባቸውም። ለእሳቸው 140 መልካም ጠዋት ነው። የእርስዎ ቁጥር ስንት እንደሆነ የሚነግርዎ የሚከታተልዎ ሐኪም ነው፤ ይጠይቁትና ይያዙት።

ግቡ የላላው አረጋውያንን ችላ ለማለት እንዳይመስልዎ። ከፍ ያለ ስኳር ዓይንን፣ ኩላሊትንና እግርን የሚጎዳው በዓመታት ውስጥ ነው፤ የወረደ ስኳር ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ይጥላል። በ75 ዓመት መውደቅ ማለት ደግሞ የዳሌ አጥንት ስብራት ማለት ሊሆን ይችላል። አኮርድ በተባለ፣ ከ10,000 በላይ ሰዎችን በያዘ ጥናት የስኳር በሽተኞችን ስኳር በብዙ መድኃኒት ወደ ጤነኛ ሰው ደረጃ ለማውረድ ተሞክሮ ነበር። በጥብቅ ቁጥጥሩ ቡድን የሟቾች ቁጥር በልጦ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2008 ያ ክፍል ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በዕድሜ ለገፋ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ስኳሩ ምን ያህል ወረደ?» መሆኑ ቀርቶ «ሳይወርድበት እንዴት ይረጋጋ?» ወደሚለው ዞሯል። የዚህ ጽሑፍ ልብም ይኸው ነው፤ የተረጋጋ ስኳር።

እንግዲህ ስለ መውረድ በደንብ እናውራ፤ ቤታችን ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚሳተው እሱ ነውና። ስኳር ከ70 በታች ሲሆን ወርዷል፤ ከ54 በታች ከሆነ አጣዳፊ ነው። ወጣት ላይ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል። ዕድሜ ሲገፋ እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች ይደበዝዛሉ። በምትካቸው ራስ ማዞር፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ መዘባረቅ፣ ያለወትሮ መቆጣት ወይም መፍዘዝ ይመጣል። ቤተሰብ «እርጅና ነው» ይላል፤ ጎረቤት «ምች ይሆናል» ይላል፤ በዚህ መሃል ውድ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ኢንሱሊን የሚወጉ ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚውጡ አባት በድንገት ሁኔታቸው ከተለወጠ ከሁሉ በፊት ስኳራቸው ይለካ። መለኪያ ከሌለ እንደወረደ ቆጥሮ መርዳት ይሻላል።

መድኃኒቱ እዚያው ጓዳ ውስጥ ነው። ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ ስኳር ያለበትን። 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ መድገም፤ ሲስተካከል ቁራሽ ነገር ማስቀመስ። ራሱን ለሳተ ወይም መዋጥ ለማይችል ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ነው። ሲወጡ ከረሜላ ወይም ስኳር በኪስዎ ይኑር። ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ፣ መስጊድ ሲሄዱ፣ ለቅሶ ሲደርሱ፣ ዕድር ሲቀመጡ፣ ሁልጊዜ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ኪኒን በስሙ እናገራለሁ፦ ግሊበንክላማይድ። አገራችን ውስጥ ብዙ አረጋውያን ለዓመታት የዋጡት ነው። ርካሽ ነው፣ ስኳርም ያወርዳል። ችግሩ ሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት መሥራቱ ነው፤ ኩላሊት በዕድሜ ሲደክም ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ ጠቅሶ ግሊክላዛይድ የተባለውን ሌላ ኪኒን አስቀምጧል። እባክዎ ይህን አንብበው ኪኒንዎን በራስዎ እንዳያቆሙ። ብልቃጡን ይያዙና በቀጠሮዎ ቀን ሐኪሙን «ይህ ለዕድሜዬ ይስማማኛል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ይህቺ አንዲት ጥያቄ ሕይወት ታተርፋለች። ሜትፎርሚን የሚወስዱም ካሉ፣ እሱ ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች አያወርድም፤ በዓመታት ብዛት ግን ቫይታሚን ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል። ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ አጽዋማቱን ሁሉ ለሚጾሙ እናቶች ነገሩ እጥፍ ነው። እግርዎ የሚደነዝዝ ከሆነ ስለ ቢ12 መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጾምን ካነሳን አይቀር፣ ለአረጋውያኖቻችን ጾም የምግብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን የጸኑበት ቃል ኪዳን ነው። ያለ ርኅራኄ «አይጹሙ» ማለት ማንንም አያሳምንም። የሚሰማውም ተሸሽጎ ይጾማል፤ ትልቁ አደጋ ደግሞ ያ ነው። ጠዋት ኪኒኑን ውጦ ወይም ኢንሱሊኑን ተወግቶ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዱን የሚቆይ ሰው ስኳሩ በቅዳሴ መካከል ሊወርድበት ይችላል። ይልቅስ መንገድ አለ። በኦርቶዶክስ እምነት ለታመመ ሰው የንስሐ አባቱ ሰዓቱን ያቀሉለታል፤ የጾም ምግቡን እየበሉ፣ ሰዓቱን ግን እያስፈቀዱ ሁዳዴን 55 ቀን በሰላም ማለፍ ይቻላል። በእስልምናም ለታመመ ሰው ያለመጾም ፈቃድ በቁርኣን ተደንግጓል። ለመጾም የሚወስኑ ከረመዳን 6 እስከ 8 ሳምንት አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ የመድኃኒቱ መጠንና ሰዓት ከሱሁርና ከኢፍጣር ጋር መጣጣም አለበት። ለረመዳን የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያ ጣትን ወግቶ መለካት ጾም እንደማያፈርስ ይገልጻል፤ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ደግሞ ጾሙ መፈታት አለበት ይላል። ሐኪምዎና የንስሐ አባትዎ፣ ወይም ሐኪምዎና ኢማምዎ አንድ ቃል ሲናገሩ የሚገኘውን የልብ ዕረፍት ምን ይተካዋል!

ደግሞም የጾም ማዕዳችን ለስኳር በሽተኛ በረከት ነው። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፤ ጥራጥሬ ስኳርን ቀስ አድርጎ ነው ወደ ደም የሚለቅ። ጭንቁ ያለው ከሥሩ በተነጠፈው እንጀራ ብዛት ላይ ነው። ከአንድ ትሪ አብሮ መብላት የፍቅር ባህላችን ነው፤ ግን ትሪው ላይ ስንት እንደበላን አናውቅም፤ ከላዩ ጉርሻ ሲጨመር ጨርሶ አይታወቅም። ለእርስዎ የሚሆነው በሌላ ሳህን ለብቻው ይቅረብ፤ እዚያው ትሪው ዳር አብረው ተቀምጠው ይብሉ። ወጡ በርከት፣ እንጀራው አነስ ይበል። ጎመኑንና ሰላጣውን አስቀድመው ይብሉ፤ አትክልትና ፕሮቲን ከእንጀራው ቀድመው ሆድ ሲገቡ ከምግብ በኋላ የሚወጣው ስኳር ይቀንሳል። ቡናም አለ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሁለት ሁለት ማንኪያ ከተጨመረባቸው በአንድ ጊዜ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር ገባ ማለት ነው። ቡናውን አይተዉ፤ ወግ ነው፣ ጎረቤት ነው፣ ጨዋታ ነው። ስኳሩን በየሳምንቱ በትንሽ በትንሹ ቢቀንሱት ምላስ ይለምዳል። «ማር ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አይል» የሚለውን ግን አይስሙ፤ ማርም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

በተቃራኒው ወገን ያሉትም ያሳስቡኛል። ስኳር አለብዎት ተብለው ሁሉን ነገር ፈርተው ሽሮና ጎመን በቁራሽ እየቀመሱ የሚከሱ እናቶች አሉ። መክሳት በዚህ ዕድሜ ድል አይደለም። ጡንቻ ሲቀልጥ ስኳር የሚገባበት ቦታ ይጠብባል፣ ጉልበትም ይከዳል። በፍስክ ቀን እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ፤ በጾም ቀን ጥራጥሬ ጠገብ ብሎ መብላት ያስፈልጋል። በዓል ሲመጣም ዶሮ ወጡን በደስታ ይቅመሱ። ጠጅና አረቄ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ አልኮል በባዶ ሆድ ሲገባ ስኳርን ከሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ሊያወርደው ይችላል።

እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል። ከኢትዮጵያ ሲገቡ ስኳር በመካከላቸው እምብዛም አይታይም ነበር፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ተስፋፋ። ነጭ ዳቦ በዛ፣ ለስላሳ መጠጥ ገባ፣ እግር ቆመ። ጤና ብሪኡት የተባለው ፕሮግራም በአማርኛ እያስተማረ ማኅበረሰቡን ሲረዳ ኖሯል። ወላጆቻችን የሚያውቁት አበላልና አረማመድ ምን ያህል እንደጠበቃቸው ያየንበት ታሪክ ነው።

ወደ አረማመዱ ልምጣ፤ እጅግ የምወደው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ስኳራቸው ከፍ ወደማለት ያዘነበለ ሰዎችን ከቁርስ፣ ከምሳና ከራት በኋላ 15፣ 15 ደቂቃ አራመዳቸው። ይህ አረማመድ የ24 ሰዓቱን ስኳር በማስተካከል በአንድ ጊዜ ከተደረገ የ45 ደቂቃ ጉዞ ጋር እኩል ሆነ፤ ከራት በኋላ የሚወጣውን ስኳር በማርገብ ደግሞ በለጠው። አሥራ አምስት ደቂቃ! ጂም አይፈልግም፣ የስፖርት ልብስ አይፈልግም። ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ በኮሪደሩ ላይ፣ ዝናብ ከሆነ ሳሎን ውስጥ። ጉልበትዎ የሚያምዎ ከሆነ ከወንበር ላይ እጅ ሳይደግፉ መነሳትና መቀመጥ፤ መጀመሪያ አምስት ጊዜ፣ ከዚያ አሥር። ይህ የጭን ጡንቻን ያበረታል፣ ከመውደቅም ይጠብቃል። ስግደት የለመዱም ሐኪማቸው እስከፈቀደ ድረስ ይስገዱ፤ ነፍስም ሥጋም ያተርፋሉ።

መራመድ የሚችል እግር ግን ጥበቃ ይሻል። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲያደነዝዝ ጠጠሩ ጫማ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁር አይሰማም። በብርድ ወራት እግርን ከሰል ላይ ማሞቅ የብዙ ቤት ልማድ ነው፤ ለደነዘዘ እግር ከዚህ የከፋ ነገር የለም፤ ሳይታወቅ ይቃጠላል። ካልሲ ያድርጉ። እግርዎን ሲታጠቡ የውኃውን ሙቀት አስቀድመው በክርንዎ ይፈትኑ። ጫማ ሳያጠልቁ ውስጡን በእጅዎ ይዳብሱ፤ በባዶ እግር ቤት ውስጥም ቢሆን አይሂዱ። ማታ ማታ የልጅ ልጅዎ የእግርዎን መዳፍና በእግር ጣቶችዎ መካከል ያለውን ይይልዎት። ቁስል፣ ውኃ የቋጠረ ነገር ወይም የቀላ ቦታ ካለ ነገ ሳይሉ መታየት ነው።

ኢንሱሊን ጀምሩ ሲባሉ «አለቀልኝ» ብለው የሚያለቅሱ አሉ። ልባቸውን የሚያሳርፍ ታሪክ ልንገራቸው። ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ፣ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ለተባለ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ በፊት በስኳር የተያዘ ልጅ ተስፋ አልነበረውም። ቦብ ክራውስ የተባለ አሜሪካዊ በልጅነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 ታመመ፤ ወንድሙ በዚያው በሽታ ሞቶ ነበር። ቦብ ግን ኢንሱሊኑን እየተወጋ፣ ስኳሩን እየለካ፣ ምግቡን እየመጠነ 90 ዓመት ሞላው። መሐንዲስ ነበር፣ ትዳር ነበረው፣ ልጆች አሳደገ። ኢንሱሊን የመጨረሻው ደረጃ ሳይሆን ሰውነት ያጣውን ነገር የሚመልስ ነው።

ፍሪጅ የለም ብለውም አይፍሩ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን በፍሪጅ ይቀመጣል፤ የተከፈተው በክፍል ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በቆላ አገር ላሉ ደግሞ ውኃ የሚያዥ የሸክላ ዕቃ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንደ ፍሪጅ ያገለግላል። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከጄኔቫ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በኬንያው ዳገሃሌ የስደተኞች ካምፕ የሙቀቱን መጠን ለክቶ፣ ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት አራት ሳምንት ኃይሉን እንደማያጣ እ.ኤ.አ. በ2021 አሳትሟል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ግን አይቀመጥ፤ በረዶ ከሆነም ይጣላል። ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን አብሽም ሆነ ሽፈራው የሚጠጡ ካሉ ደግሞ ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ ከመድኃኒቱ ጋር ተደምረው ስኳር ሊያወርዱ ይችላሉ፤ መድኃኒቱን ግን አይተኩም።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች፣ ለናንተም አንድ ቃል አለኝ። ለእናታችሁ መለኪያ ስትልኩ ከየት እንደምትገዙት አስተውሉ። ከእንግሊዝ ወይም ከስዊድን የሚመጣው መለኪያ በሌላ አሃድ ነው የሚያነበው፤ እዚህ 126 የሚባለው እዚያ 7 ነው፤ 70 የሚባለው 3.9 ነው። እናት «7» አይታ ስኳሬ ወረደ ብላ ማር ብትልስ? በ18 ማባዛት እንዳለባት ከምታስተምሯት አገር ቤት የሚሠራበትን መርጣችሁ ላኩ። ስትሪፑ የዚያው መለኪያ መሆኑን፣ ጊዜው አለማለፉንም እዩ። ስትደውሉም «ስንት ሆነ?» ብቻ አትበሉ፤ «ዛሬ ከምሳ በኋላ ከማን ጋር ተራመድሽ?» በሏት።

የሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሲደርስ ደግሞ ልጅዎን ወይም ጎረቤትዎን ይዘው ይሂዱ፤ አራት ጆሮ ከሁለት ይሻላል። የሚውጡትን ሁሉ በፌስታል ጠቅልለው ይያዙ። ቁጥርዎ ስንት መሆን እንዳለበት፣ ከኪኒኖችዎ ስኳር ከልክ በታች የሚያወርደው የትኛው እንደሆነ፣ ምግብ አልበላ ያለዎት ቀን መድኃኒቱን እንዴት እንደሚያደርጉ፣ ዓይንዎና ኩላሊትዎ የሚታዩበት ጊዜ መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። መልሱን እዚያው በወረቀት ያስጽፉና መድኃኒትዎን ከሚያስቀምጡበት በላይ ግድግዳው ላይ ይለጥፉት፤ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያንብበው።